ዘር ቆጠራ በአራዳ

ጎጃምና ጎንደር ዘር መቁጠር የባላገሩ ሙያ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ይቆጥር ነበር፤ ለጋብቻም ሰባት ቤት መራቅ አለበት። አራዳ ላይ ሰዉ ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ ቆጣሪ የለም፤ አያቴን ፈልግልኝ ብሎ ወደ እኔ የሚመጣ ሁሉ ወረቀት ይጠብቃል።

ወረቀቱ ግን የትናንት ነው። የሕዝብ ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል፤ የታተመው ውጤት የሰው ብዛት እንጂ ስም አይነግርም። ቀበሌ ራሱ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመጣ ነው።

እኔ የምነሣው ከክርስትና ስም ነው። ቀበሌ ተሰማ ይለው የነበረውን ሰው ካህኑ በፍትሐት ወልደ ጊዮርጊስ ብሎ ያነሣዋል፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ አንዲት አሮጊት አክስት ናቸው። እሳቸውን ዓመተ ምሕረት መጠየቅ አያዋጣም። «እማማ፣ ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ ነበር?» እላለሁ። «የበሽታው ጊዜ፣ በሉቃስ» ካሉኝ ሒሳቡን እሠራለሁ፦ 5500 ላይ 1911 ሲደመር 7411፣ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ሦስት ሉቃስ ነው፤ የኅዳር በሽታ ዓመት ልክ ነው። «ጣሊያን አዲስ አበባ የገባ ለት፣ በማርቆስ» የሚለኝን ግን አላምንም፤ 1928 ምንም አይተርፈውም፣ ዮሐንስ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ የዕድር መዝገብ ነው። ለማን ሞት እንደሚከፈል ለመወሰን የአባሉ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ እናትና አባት፣ አንዳንዴም አማቶች ይጻፋሉ። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለቅ የእናት ወገን አይጠፋም፤ የባልን ስም በሚወስዱበት አገር ዘር የሚፈልጉ ሰዎች በዚህ ቢቀኑብን አይፈረድባቸውም። የሚያስቸግረው ቀለም ቆጣቢው ጸሐፊ ነው፦ «ወ/ማርያም» ብሎ ያልፋል። ወልደ ይሁን ወለተ የሚለየው ጎን ያለው ዝምድና ብቻ ነው።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ዕድርተኛው ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። ዳኛ ወይም ጸሐፊ የነበራችሁ፣ መዝገቡ እጃችሁ ላይ ካለ ለቆራሌው አትስጡት። ገጽ በገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለአባላቱ ልጆች አካፍሉ።