ጎፈሩ የት ሄደ?

ቴአትሩ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር የሚተርክ ነበር። ተዋንያኑ አልከፉም፤ ንግግሩም ይደመጣል። ነገር ግን መጋረጃው ተከፍቶ የቤተ መንግሥቱ ግብዣ ሲታይ ቅር አለኝ። የክብር ዘበኛውም የምድር ጦሩም ሰው አንድ ዓይነት ካኪ ለብሶ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «እነዚህ ደግሞ የማን ወታደሮች ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ምን አለበት? ልብስ ልብስ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ቋንቋችን ግን እንዲህ አይልም። ወታደሩን «መለዮ ለባሽ» ያልነው ያለ ነገር አይደለም። መለዮ አንዱን ከሌላው ያስታውቃል፤ ያለያያልም።

የክብር ዘበኛ በሥነ ሥርዓት ቀን ከባርኔጣው ላይ የአንበሳ ጎፈር ያደርግ ነበር። ጎፈር በአባቶቻችን ዘመን የጀግና ምልክት ነው፤ መጀመሪያ ጀብዱው ይሠራል፣ ከዚያ ይለበሳል። በዘመናዊው ጦር ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት የተቀጠረው ልጅ ገና ምንም ሳይሠራ ጎፈሩን ተረከበ። ይህ እንደ እኔ ከሆነ በብድር የተሰጠ ክብር ነው። ባለዕዳ ደግሞ ዕዳውን እስኪከፍል እንቅልፍ የለውም፤ የጦር ክፍል ኩራት የምንለውም ከዚሁ ጭንቀት የሚወለድ ይመስለኛል።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከዚሁ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ነበር። እዚያ ጎፈር የለም። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው፣ የአሜሪካንን መሣሪያና የጦር ሜዳ ልብስ ይዘው ነው የተዋጉት። ታዲያ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው መመለሳቸው የልብስን ከንቱነት አያሳይምን? አያሳይም ባይ ነኝ። ልብሱ ቢቀየርም ስሙ አብሯቸው ነበር። ቃኘው የራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው፤ ዓድዋን ያስታውሳል። ጎፈሩ በሌለበት ስሙ የጎፈሩን ሥራ ሠራ።

ኩራቱ ግን ሌላም ፊት ነበረው። ክብር ዘበኛው በሥልጠናውም በአያያዙም ከሌላው ጦር የተሻለ ነበር። ምድር ጦሩ ይህን ያውቃል፤ ቅሬታም ነበረው። የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተታኮሱት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ጠቡን ልብስ አመጣው አልልም፤ ፖለቲካዊ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ተመልካቹ ያንን ልዩነት አስቀድሞ በዓይኑ ካላየ፣ ተኩሱ ሲጀመር የአንድ አገር ልጆች ለምን እንደሚጨራረሱ በምን ይገባዋል? ያየሁት ቴአትር የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

እኔ በበኩሌ 1983 ዓ.ም.ን አልረሳም። የተበተነው ሠራዊት አባል፣ የነተበው የደንብ ልብሱ ከገላው ሳይወርድ፣ በአስፋልት ዳር እጁን ሲዘረጋ አይቻለሁ። አላፊ አግዳሚው ፊቱን ያዞር የነበረው ከሰውየው ይሁን ከልብሱ እስከ ዛሬ አልለየሁም። በዚያ ሰሞን «ልብስ ልብስ ነው» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ አዘጋጆቻችንን የምለምነው ብዙ አይደለም። ካኪውን ከማሰፋታችሁ በፊት የዘመኑን ፎቶግራፎች ተመልከቱ። አንድ አረጋዊ ወታደር ፈልጋችሁ ምን ለብሰው እንደነበር፣ ሲለብሱትም ምን ይሰማቸው እንደነበር ጠይቁ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ቴአትሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።