የ«ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» መመሪያ በሴት ውጫዊ ብልት ላይ፦ ሂሳዊ ምልከታ

በሕክምና ትምህርት ቤት በቃላችን ካጠናናቸው መመሪያዎች መካከል የሜላኖማን ምልክቶች በአራት የላቲን ፊደላት የሚያስታውሰውን ያህል በአእምሮ የሚቀር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፍሪድማን፣ ሪጌል እና ኮፕፍ ያቀረቡት ይህ መመሪያ የነጠብጣቡ ሁለት ጎኖች አለመመሳሰላቸውን (ኤ)፣ የጠርዙን አለመስተካከል (ቢ)፣ የቀለሙን መዘበራረቅ (ሲ) እና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጡን (ዲ) እንድንመለከት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጊዜ ሂደት የሚታየውን ለውጥ የሚያመለክት አምስተኛ ፊደል፣ «ኢ»፣ ታከለበት። ሜላኖማ ገና ቀጭን ሳለ እንዲያዝ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ባለውለታችን ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ካላቸው ሕሙማን ከተገኘ ልምድ የተቀዳ መሆኑን ዘንግተን፣ ወደ ውጫዊ ብልት እንዳለ ማሻገራችን ስሕተት ላይ ይጥለናል። እኔንም ጥሎኛል።

በስልሳዎቹ መጨረሻ ላይ የምትገኝ አንዲት እናት «ያቆስለኛል፣ አልፎ አልፎም ይደማኛል» ብላ ለበርካታ ወራት ወደ ተመላላሽ ክፍል ተመላልሳ ነበር። በትንሹ ከንፈር ላይ የነበረው እብጠት ቀይ እንጂ ጥቁር አልነበረም፤ ጠርዙም ክብ ነበር። ሁለት ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ታዘዘላት። ናሙና የተወሰደው በብሽሽቷ ንፍፊት ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ውጤቱ ሜላኖማ ሆነ። ካርዷን መልሼ ስመለከት ከሁለቱ የመድኃኒት ማዘዣዎች በአንደኛው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። በዚያው ሰሞን አንዲት የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ከቡናማ እስከ ጥቁር የተዘበራረቀ ሰፊ ጥቁረት ተገኝቶባት፣ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ተብላ እንቅልፍ አጥታ መጣች። አራቱም ፊደላት ተሟልተውባታል። የናሙናው ውጤት ግን ሜላኖሲስ የሚባለው ጉዳት የሌለው የቀለም መብዛት ነበር።

መመሪያው በሁለቱም ሴቶች ላይ የተሳሳተው በአጋጣሚ አይደለም። በብልት ስስ ሽፋን ላይ ከሚታዩ ጥቁረቶች በብዛት የሚገኘው ይኸው ሜላኖሲስ ሲሆን፣ ሰፊ፣ ወጣ ገባ ጠርዝ ያለው፣ በበርካታ ቦታ የተበተነ መሆኑ የተለመደ ባሕርይው ነው። በአንጻሩ ከእ.ኤ.አ. 1960 እስከ 1984 በስዊድን የታዩ 219 የውጫዊ ብልት ሜላኖማ ሕሙማንን የመረመረው ጥናት እንዳሳየው፣ 27 በመቶ ያህሉ ለዓይን የሚታይ ቀለም አልነበረባቸውም። ቀለም የሌለውን ዕጢ «ቀለሙ ተዘበራርቋልን?» ብሎ መጠየቅ ምን ይፈይዳል?

«ኢ» የተባለው ፊደል ከሁሉም ይሻላል ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ለውጥን ለማወቅ አስቀድሞ ያየ ሰው ያስፈልጋል። በክንዷ ላይ ያለውን ነጥብ «ማርያም የሳመችኝ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አለ» ብላ የምትነግረን ሴት፣ ሐፍረተ ሥጋዋን በመስታወት አይታ አታውቅም፤ ማየቱም ነውር ይመስላታል። እኛም ማህፀኗን ስንመረምር መሣሪያውን አልፈን ወደ ውስጥ እናያለን እንጂ፣ ደጃፉ ላይ ያለውን በካርዷ ላይ አንጽፍም።

በአገራችን ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። በጠይም ሴቶች የከንፈሮቹ ጥቁረት ተፈጥሯዊ ነው፤ በእርግዝናም ይጨምራል፤ ለረጅም ጊዜ ያሳከከና የታከከ ቆዳም ይጠቁራል። የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ስለዚህ በብዙ ሴቶች ላይ የምናየው የአካል ቅርጽ በመጽሐፍ ከተሳለው የተለየ፣ ጠባሳ ያለበት፣ አንዳንዴም የተሰፋ ነው፤ ከጠባሳው ሥር የሚወጣ እብጠት ሁሉ ግን የጠባሳ ኪስ ነው ብሎ መተው አይገባም። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ውስጥ ባለ ሴቶች ዘንድ የሚበዛው፣ በኤች.ፒ.ቪ. የሚመጣው ቅድመ ካንሰርም አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይታያልና ሜላኖማን ወይም ኪንታሮትን ይመስላል። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራችን በዋነኛነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን የሚጠራ መሆኑም ሌላ ክፍተት ነው፤ የውጫዊ ብልት ሜላኖማ ይበልጥ የሚታየው ካረጡ ሴቶች ላይ ነውና፣ በአልጋው ላይ የማትወጣዋ አያት ናት የምታመልጠን።

በደርሞስኮፕ የታገዘ ምርመራ መፍትሔ ተደርጎ ሲቀርብ እንሰማለን። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት 140 የስስ ሽፋን ጥቁረቶችን መርምሮ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ነጭ ቀለም ቅርጽ ከሌለው ስፍራ ጋር ሲጣመር አደገኛውን ሁሉ እንደሚያመላክት ገልጿል። ግኝቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከ140ዎቹ ሜላኖማ የሆኑት 11 ብቻ ስለነበሩ «መቶ በመቶ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ የትኛውን ሴት እንላክ?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ባረጠች ሴት ላይ አዲስ የወጣ ወይም ከፍ ያለ ማንኛውም ነገር፣ ጥቁር ሆነ ቀይ፣ ናሙና ይወሰድለት። የሚደማ፣ የቆሰለ ወይም በሕክምና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልዳነ እንደሆነም እንዲሁ፤ ሁለተኛ ማዘዣ አይጻፍ። ኪንታሮት ነው በሚል ግምት ብቻ ጥቁር እብጠትን ማቃጠል እጅግ የሚያስቆጭ ተግባር ነው፤ የሚመረመረውን ያጠፋልና። ቢላ ከነካው ይሰራጫል የሚለው ሥጋት በብዙ ባልደረቦች ዘንድ ሳይቀር ይሰማል፤ ናሙና መውሰድ የሕመምተኛዋን ዕድሜ እንደማያሳጥር ግን የታወቀ ነው። ትንሽ ከሆነ በሙሉ ይነሣ፤ ሰፊ ከሆነ በሊዶኬይን አደንዝዞ ከወፈረውና ከጠቆረው ስፍራ፣ የሚቻል ከሆነም ከአንድ በላይ ቦታ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ክብ መቁረጫ ይወሰድ። ከላይ መፋቅ አይበቃም፤ አሌክሳንደር ብሬስሎ እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተማረን የዕጢው ውፍረት የሚለካው ሙሉው ጥልቀት ከተገኘ ብቻ ነው። ጠፍጣፋና የረጋ ጥቁረት ያላት ወጣት ግን በልኬትና በሥዕል ተመዝግባ ልትከታተል ትችላለች፤ የሚያጠራጥር ከሆነ አንድ ናሙና ጭንቀቷን ያሳጥርላታል።

አንድ ነገር በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በወጣት ሴቶች ብልት ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት ጉዳት የለሽ ነጥብ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሜላኖማን እስኪያሳስት ድረስ ይመስላል። «ቆዳ፣ ጥቁረት» ብቻ ተብሎ የተላከለት የፓቶሎጂ ባለሙያ ዕድሜዋንና ቦታውን ካላወቀ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱም የሃያ ዓመት ልጅ ያለ ምክንያት ብልቷን እንድታጣ ሊያደርግ ይችላል። የሕመምተኛዋ ዕድሜ፣ ትክክለኛው ቦታ (ቂንጥር፣ ትንሹ ወይም ትልቁ ከንፈር)፣ የጥቁረቱ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ መገረዟ፣ እርጉዝ መሆን አለመሆኗ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ይህን ሁሉ ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።