ክንዷን የገለጠች እመቤት

በዚህ ሳምንት የምናየው ሥዕል ቅድስት ቤተሰብን የሚያሳይ ነው። ማይክል አንጄሎ ፍሎረንስ ላይ ሣለው፤ ዛሬም እዚያው ኡፊዚ ሙዚየም አለ። በእንጨት ላይ የተሣለ፣ ክብ፣ ዳር እስከ ዳር 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ያሠራው አኞሎ ዶኒ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1504 ማዳሌና ስትሮዚን ያገባ ሀብታም።

ስለ ዋጋው የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ የሚያወራው አለ። ሠዓሊው 70 ዱካት ጠየቀ፤ ዶኒ በዛብኝ ብሎ 40 ላከ። ማይክል አንጄሎም ወይ 100 ክፈል ወይ ሥዕሌን መልስ አለው። ዶኒ ደንግጦ «እሺ፣ 70ውን» ቢል፣ ነገሩ በ140 አለቀ። ቫዛሪ ወሬ ማጣፈጥ ይወዳል፤ ቢሆንም ደሞዙ ተቆርጦበት የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ወደ ሥዕሉ እንመለስ። እኛ የለመድነው ምስለ ፍቁር ወልዳን ነው፦ እመቤታችን መጎናጸፊያዋን ተከናንባ፣ ልጇን አቅፋ፣ ረጋ ብላ። እዚህ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ክንዶቿ እስከ ትከሻ ተገልጠዋል፣ ጡንቻቸው ይታያል። «ይሄማ የወንድ ክንድ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የሥዕሉ ቁም ነገር ያለው እዚያው ክንዷ ላይ ነው እላለሁ። ሕፃኑ ጭኗ ላይ አይደለም፤ ወገቧን ጠምዝዛ፣ እጆቿን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ከትከሻዋ በላይ ነው የያዘችው። ልጅ እንዲህ ያነሣችሁ ሁሉ ክብደቱ የት የት ላይ እንደሚሰማ ታውቁታላችሁ። መጽሐፏም ተዘግቶ ጭኗ ላይ ቀርቷል።

ዮሴፍም በብዙ ሥዕል ጥግ ይዞ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ነው። እዚህ ከኋላዋ ሆኖ ሕፃኑን ደግፏል፤ ሸክሙ የሁለቱም ነው።

የማልወደው ከኋላ የተደረደሩትን እርቃናቸውን ያሉ ወጣቶች ነው። ሊቃውንት ብዙ ትርጉም ሰጥተዋቸዋል፤ ለእኔ ግን ዓይን ይሻማሉ። በቀኝ በኩል ከግንቡ ጀርባ ብቅ ያለው ሕፃኑ መጥምቁ ዮሐንስ ግን ደስ ይላል፣ እንዳያመልጣችሁ።

ለውይይት፦ እመቤታችን ሕፃኑን ለዮሴፍ እየሰጠች ነው ወይስ ከእርሱ እየተቀበለች? ሠዓሊው አልለየውም። እስቲ በስልካችሁ አጉልታችሁ እጆቹን አይታችሁ ኑ።