«ቅይጥ»፣ «ቅብ»፣ «ልብጥ»፦ የማግኔትና የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ስያሜ ሲመረመር

በምዕራብ ዓባያ ቆላ ወባ የቆየ በሽታ ነው። በወባ ፈጣን መመርመሪያዎች በአብዛኞቹ ላይ የሚታየው ቀይ መስመር ተራ ቀለም አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ክምችት ነው፤ ወርቅ እስከዚህ ሲደቅ ቢጫነቱን ትቶ ይቀላል። ስለሆነም የእነዚህ ቅንጣቶች ስያሜ ለጤና ሠራተኛው መምሪያ የሚተረጉመውን ባለሙያ ጭምር የሚመለከት ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች ወርቅን ከማግኔታዊ የብረት ኦክሳይድ ጋር አጣምረው ለሕክምና ለማዋል እየሠሩ በመሆናቸው፣ ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ የሚቀርቡትን አቻ ቃላት እንመረምራለን።

በመጀመሪያ «ረቂቅ ቅንጣት» የሚለውን እንመልከት። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል። ይሁን እንጂ «ረቂቅ»ን ቀደም ሲል «ረቂቅ ተሕዋስያን» በሚለው ስያሜ ለማይክሮ ደረጃ አውለነዋል። አንድ ናኖ ሜትር የማይክሮ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ልኩን ያፋልሳል። «ናኖ» እንደ «ኪሎ»ና «ሚሊ» የመለኪያ ቅጥያ ስለሆነ እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ተርጓሚ በቀላሉ የሚያነሣው «ቅይጥ» ነው። ቅይጥ ማዕድኖች ቀልጠው ሲዋሐዱ የሚገኝ ነው። እዚህ ግን የሚቀልጥ ነገር የለም። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቫለንስ የብረት ጨዎች በአንድ ለሁለት ድርሻ በአልካሊ ውስጥ ሲገናኙ ማግኔታይት ይዘቅጣል፤ ከዚያ የወርቅ ጨው እንደ ሲትሬት ባለ ንጥረ ነገር አማካይነት ወደ ወርቅ ተለውጦ የማግኔታይቱን ገጽ ይሸፍናል። ሁለቱም ጠባያቸውን አይለቁም፦ ማግኔታይቱ በውጭ ማግኔት ይሳባል፣ በተለዋዋጭ የማግኔት መስክም ይሞቃል፤ ወርቁ ከድኝ ጋር በጽኑ ስለሚተሳሰር መድኃኒት ይሸከማል። «ቅይጥ» ያለ ተርጓሚ ይህንን የሥራ ክፍፍል ሰርዞታል።

ሦስተኛው «ወርቅ ቅብ» ነው። ቃሉ በወርቅ ቤት የታወቀ ቢሆንም፣ እውነተኛ ያልሆነ ጌጥን ያስታውሳል። ለሕመምተኛ በሚነገር ቃል ውስጥ ይህ ጥርጣሬን ይጋብዛል።

እኛ የምንመርጠው «ለበጠ»ን ነው። ቃሉ እንጨትን ወይም ብረትን በወርቅ ማልበስን የሚገልጽ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም የታወቀ ነባር የእጅ ሙያ ቃል ነው። «ለበጣ» ፌዝን ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «በወርቅ የተለበጠ» ያለውን ሰው አንባቢ ፌዘኛ ነው አይለውም፤ ዐውዱ ትርጉሙን ይለያል።

ሆኖም ሁሉም የተለበጡ አይደሉም፤ ወርቁና ማግኔታይቱ ጎን ለጎን የተጣበቁባቸውም አሉ። ስለዚህ ለወል ስሙ «ጣምራ ናኖ ቅንጣት»፣ ለሽፍኑ ዓይነት «በወርቅ የተለበጠ ማግኔታዊ ናኖ ቅንጣት» እንዲባል፣ «ቅይጥ» ደግሞ በእርግጥ ለተዋሐደው ብቻ እንዲቆይ ሐሳብ እናቀርባለን።