በሞቴ ሳይሉ ማብላት

አኖሬክሲያ ነርቮዛ የተባለው፣ ምግብን የሚያስከለክል የአእምሮ ሕመም የያዘው አዋቂ ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም ዋናው መድኃኒት ምግብ ነው። ለንደን ውስጥ እንዲህ ባለ ክፍል በነርስነት እንደምሠራ የሰሙ ያገሬ ሰዎች «ታዲያ በደንብ ማብላት ነዋ!» ይሉኛል። እንዲያ ቢቀል! ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት እህል ሲገባለት ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ኢንሱሊኑ ፎስፌትን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ከደም ወደ ሕዋሳት ይነዳል። ደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ሲያሽቆለቁል ልብ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ቫይታሚን ቢ1 አስቀድመን እንሰጣለን፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም በየዕለቱ ይመረመራል። ይህን ፈርቶ ምግቡን ከልክ በላይ ማሳነስ ደግሞ ሰውን አልጋ ላይ ማስራብ ነው።

ስሌቱ የሐኪሙና የሥነ ምግብ ባለሙያው ነው። የኔ ሥራ ገበታው ላይ ይጀምራል። አብሬ ተቀምጬ እበላለሁ፤ እጅጌ ውስጥ የሚገባውን ዳቦ፣ በሶፍት የሚጠቀለለውን ቅቤ፣ ፍሬ በፍሬ የሚለቀመውን ሩዝ አያለሁ። ይህን ሁሉ እልኸኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ተመራማሪው አንሰል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ጥናት፣ ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ጥጋብ የቆዩ 36 ጤነኛ ወንዶችም ምግባቸውን ሲቆራርጡና ሲያንቀረፍፉ፣ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ሲያስቡ ታይተዋል። አብዛኛው የረሃብ ጠባይ ነው።

«በሞቴ» እያለች በምታጎርስ እናት እጅ ላደገ ሰው እዚህ ገበታ ላይ አፉን መግታት ይከብዳል። ልመና ድርድር ይከፍታል፤ በድርድር ደግሞ በሽታው ይበልጠናል። «ጎበዝ፣ ጨረስሽ!» ማለትም አይበጅም፤ መብላቷ ላሸማቀቃት ሴት ውዳሴው ክስ ይሆንባታል። «ድንቹ ቀርቷል፤ አብሬሽ ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ፊልም ወይም ስለ ዝናቡ እናወራለን። ከምግብ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከገበታው ይብሳል፤ ጭንቀቱ የሚያይለው፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያሮጠው ያኔ ነው። ቴሌቪዥን ከፍተን ወይም ሹራብ እየሠራን አብረን እንቆያለን።

ታካሚዎቹ መውጫቸው ሲቃረብ ምግቡን ራሳቸው ያወጣሉ። ሚዛን ላይ ጥሩ የጨመረ ሰው ጭልፋ ሲይዝ እጁ ሊያጥርበት ይችላል። ኪሎው ሞልቷል ተብሎ ለመሸኘት ሲቸኮል የምከራከረው ለዚህ ነው።