«ስሙን አጥፍተነዋል» እጃጂ ላይ ይሠራል ወይ?

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ስትጓዙ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን ካለፋችሁ በኋላ፣ ባኮ ከመድረሳችሁ በፊት እጃጂን ታገኛላችሁ። በምዕራብ ሸዋ ዞን የኢሉ ገላን ወረዳ መቀመጫ ናት። ትልቅ ከተማ አይደለችም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወረፋ ብትይዙ ከጎናችሁ የተቀመጡት ሴትዮ የአክስታችሁ ጎረቤት፣ ካርድ የሚያወጣው ልጅ ደግሞ አብሯችሁ የተማረ ሊሆን ይችላል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እና ስለ ሕክምና ሲወራ፣ የታካሚ ሚስጥር የሚለው ነገር ሁልጊዜ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ከሚሰብር ሃከር ጋር ይያያዛል። እንዲህ ባለ ከተማ ግን ሰው የሚፈራው ሃከርን አይደለም፤ የሚያውቀውን ሰው ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቤታቸው አጠገብ ያለውን ጤና ተቋም ትተው፣ የትራንስፖርት እየከፈሉ ሌላ ከተማ ድረስ የሚሄዱት ለምን ይመስላችኋል? በብዙ የአገራችን ክፍሎች የታየ ነገር ነው።

እንግዲህ በየስብሰባውና በየፕሮጀክት ጽሑፉ ደጋግሜ የማገኛት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የታካሚዎቹን ስም አጥፍተነዋል፤ ስለዚህ ችግር የለውም።» ዛሬ ልተቻት የምፈልገው እሷን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሏት ሰዎች ክፉ አይደሉም። በእውነት ያመኑባት ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የግዛቷን የመንግሥት ሠራተኞች ጤና መድን የሚያስተዳድር አካል የሆስፒታል መረጃዎችን ለተመራማሪዎች ሰጠ። ስምና አድራሻ ወጥቶለታል። የግዛቷ ገዥ ዊልያም ዌልድም የሠራተኞቹ ሚስጥር የተጠበቀ ነው ብሎ ሕዝቡን አረጋጋ። በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ ግን በ20 ዶላር የካምብሪጅን ከተማ የመራጮች መዝገብ ገዛች። ገዥው የሚኖረው እዚያው ነበር። በእሱ የልደት ቀን የተወለዱ መራጮች ስድስት ብቻ ነበሩ። ከስድስቱ ወንዶቹ ሦስት። በእሱ የፖስታ ቁጥር አካባቢ የሚኖረው ደግሞ አንድ፤ እሱ ራሱ። የገዥው የሕክምና መዝገብ በዚህ መንገድ ተገኘ። በኋላ ስዊኒ ባወጣችው ስሌት የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር፣ እነዚህ ሦስቱ ብቻ፣ 87 በመቶ ያህሉን አሜሪካዊ ለይተው ለማወቅ ይበቃሉ።

«እኛ አገር የፖስታ ቁጥር የለ፣ የመራጮች መዝገብም በ20 ዶላር አይሸጥ» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እስቲ ግን እኛው አገር ሒሳቡን እንሥራው። በጤና ሚኒስቴር አሠራር አንድ ጤና ኬላ በግምት 5,000 ሰው ያገለግላል። ግማሹ ሴት ነው ብንል 2,500። ከሕፃን እስከ አዛውንት በየዕድሜው ብናከፋፍላቸው ለአንድ ዓመት ዕድሜ በአማካይ 40 ገደማ ሴቶች ይደርሳሉ። አሁን ስሟ የጠፋ አንድ መዝገብ እናስብ፦ «ሴት፣ 34 ዓመት፣ መንታ የወለደች፣ ባለፈው ጥቅምት ወደ አምቦ የተላከች።» ከ40ዎቹ ውስጥ መንታ የወለዱት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። በጥቅምት ወደ አምቦ የተላከችው ደግሞ አንዷ። አያችሁ፣ እጃጂ ላይ የመራጮች መዝገብ መግዛት አያስፈልግም። የቡና ሰዓት ይበቃል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ፣ ስለሚያስገርመኝ ነው። በገጠር «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲባል «ሠላሳ ይሆነኛል» የሚል መልስ የተለመደ ነው። በአገራችን የሕዝብ ቆጠራዎች በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሚገባው በላይ በዝተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ነው የሚያዩት። ለሚስጥር ጥበቃ ግን ጥሩ ልማድ ነው! ተመራማሪዎች ዛሬ ሆን ብለው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ «34» ብለው በመጻፍ ፈንታ «ከ30 እስከ 39» ይላሉ፣ ሰውየው ከብዙ መሰሎቹ ጋር እንዲቀላቀል። እናቶቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ሲሠሩበት ኖረዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር መረጃው ሁሉ ወረቀት ነበር። የቤተሰብ ማኅደር የሚባለው ካርቶን ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ አባወራውን፣ እናትየዋን፣ ልጆቹን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ ጭምር በአንድ ላይ ይይዛል። አሁን ይህ ማኅደር በብዙ ቦታ ወደ ታብሌት እየገባ ነው። ጥሩ እርምጃ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ልዩነቱን አስተውሉ። ወረቀቱን ለማንበብ ጤና ኬላው ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ርቀቱ ራሱ እንደ ቁልፍ ያገለግል ነበር። ዲጂታል ሲሆን ያ ቁልፍ በነፃ ይጠፋል፤ በምትኩ ሌላ ካልተሠራለት በሩ ክፍት ነው። በዚያ ላይ መረጃው በቤተሰብ የተያያዘ ስለሆነ የአንድ ሰው ማንነት ከታወቀ የቤቱ ሰው በሙሉ አብሮ ይታወቃል።

እሺ፣ መዝገቡን ለማንም አንሰጥም፤ ሞዴሉን ብቻ እናሠልጥንበትና ሞዴሉን እናውጣ ብንልስ? ይህም የሚመስለውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን ሸምዳጅ ተማሪ አስቡት። ትምህርቱን ሳይገባው ደብተሩን በቃሉ ይዞታል፤ ፈተና ላይ ከመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር ሳይቀር ይደግመዋል። ሞዴሎችም ይሸመድዳሉ፣ በተለይ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥማቸውን ነገር። ኒኮላስ ካርሊኒና ባልደረቦቹ ጂፒቲ-2 ከተባለው የቋንቋ ሞዴል የሰዎችን ስም፣ ስልክና የኢሜይል አድራሻ እንዳለ ማውጣት ችለዋል። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ከሺህ ታካሚዎች አንዱ የሆነ ሰው በሞዴሉ ሊረሳ ይችላል። ከትንሽ ከተማ የመጣው፣ ለየት ያለ ሕመም ያለው ግን የሚሸመደደው እሱ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር ማውጣትን ያስቀጣል። በመጋቢት 2016 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጽድቋል። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ዳታዎች ይመድበዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በወረቀት ላይ ደህና ሕግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ፈቃድ የሚለው ቃል ነው። እጃጂ ላይ አብዛኛው ሰው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ያዘለች እናት፣ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ቅጽ ቀርቦላት «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብትባል፣ ትፈርማለች። ምን ታድርግ? ካልፈረምኩ ልጄ አይታከምም ብላ ታስባለችና። ያ ፊርማ ፈቃድ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም።

ደግሞ ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለንደን ውስጥ ሮያል ፍሪ የተባለው የሆስፒታሎች ተቋም የ1.6 ሚሊዮን ታካሚዎችን መረጃ ዲፕማይንድ ለተባለው ኩባንያ ሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ሕግ ጥሰሃል ብሎታል። ታካሚዎቹ መረጃቸው ለዚያ ሥራ እንደሚውል በቅጡ አልተነገራቸውም ነበር።

እስካሁን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መረጃችንን ለማንም አንስጥ፣ በቃ» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ጉግል በስኳር በሽታ የሚመጣ የዓይን ጉዳት የሚለይ ሥርዓት ሠርቶ ታይላንድ ውስጥ በ11 ክሊኒኮች ሞክሮት ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጎበዝ የነበረው ሥርዓት ክሊኒክ ሲገባ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከተነሱት 1,838 ምስሎች 21 በመቶውን «ጥራት የለውም» ብሎ መለሰ። ክፍሎቹ ብርሃናቸው እንደ ቤተ ሙከራው አልነበረም። ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፋል። ታካሚዎቹ ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ሂዱ ተባሉ። ሞዴል ያላየውን ቦታ አያውቅም። የእጃጂ መረጃ ሳይገባበት የተሠራ ሞዴል እጃጂ ላይ ሲሳሳት፣ ስህተቱን የምትከፍለው ያቺው ልጅ ያዘለች እናት ናት።

ስለዚህ መረጃው ሳይወጣ ሞዴሉ የሚማርበት መንገድ ያስፈልጋል። አንዱን ለማስረዳት የቆሎ ተማሪን ላምጣላችሁ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ከደብር ደብር ይዞራል። መጻሕፍቱና መምህሩ ካሉበት አይነቃነቁም፤ የሚዞረው ተማሪው ነው፤ ይዞ የሚሄደውም ያወቀውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጉግል ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት ፌደሬትድ ለርኒንግ የሚባለው ዘዴ ይህንኑ ይመስላል። ሞዴሉ ወደ አምቦ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ጥቁር አንበሳ ይሄዳል፤ በየቦታው የተማረውን ብቻ ይዞ ይመለሳል። የታካሚው መዝገብ ከግቢው አይወጣም። ደስ ይላል አይደል? ግን የቆሎ ተማሪውም ሸምዳጅ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ መብራት በሚቆራረጥበት፣ መዝገቡ ገና ወረቀት በሆነበት ጤና ጣቢያ ተማሪው ቢመጣ የሚያነበው አያገኝም።

ሁለተኛው መንገድ የረቀቀ ነው፤ ክፍል ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ስታንሊ ዋርነር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበውን ሐሳብ ቀለል አድርጌ ላቅርብላችሁ። 100 ተማሪዎችን «ፈተና ላይ ኮርጀህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመመለሳቸው በፊት ግን እያንዳንዱ ደብቆ ሳንቲም ይጣል። ዘውድ ከወጣለት እውነቱን ይናገር፤ ጎፈር ከወጣለት ኮረጀም አልኮረጀም «አዎ» ይበል። አሁን «አዎ» ያለውን ተማሪ ማንም ሊወነጅለው አይችልም፤ «ጎፈር ወጥቶብኝ ነው» ይላላ። እናንተ ግን ሒሳብ ትሠራላችሁ፦ 60 ሰዎች «አዎ» ካሉ 50ዎቹ ገደማ የሳንቲሙ ናቸው። ከቀሩት 50 እውነት ተናጋሪዎች 10ሩ «አዎ» ብለዋል፤ ስለዚህ የኮረጁት 20 በመቶ ያህል ናቸው። ዛሬ ዲፈረንሻል ፕራይቨሲ የሚባለው ዘዴ የዚህ ሐሳብ ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ደግሞ ያልተነገረውን ልንገራችሁ። ሳንቲም ሁልጊዜ ልክ 50 አይወጣም። በ100 ተማሪ ከሠራችሁት እውነተኛው ቁጥር ከዜሮ እስከ 40 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። በ10,000 ሰው ብትሠሩት ግን ከ18 እስከ 22 በመቶ መካከል ይጠባል። ማለትም ይህ ዘዴ ትልቅ ሕዝብ ላይ ሚስጥርንም እውነትንም ይጠብቃል፤ ትንሽ ቀበሌ ላይ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ትከፍላላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚጻፉት መጣጥፎች ይህን ዘዴ እንደ መፍትሔ ጠቅሰው ያልፋሉ። ለአዲስ አበባ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለእጃጂ ግን ገና ክርክር ነው።

በ2012 ዓ.ም. እንደ ማዕከል ተቋቁሞ በኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የጡት ካንሰርን ከምስል ለመለየት የሚያግዝ ሥራ እንደሚሠራ ሲገልጽ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሥራ በአገር ልጅ መሠራቱ ያስደስተኛል። እንዲህ ዓይነት ዜና በሰማችሁ ቁጥር ግን፣ ከየትም ይምጣ፣ ስንት በመቶ ትክክል ነው ብላችሁ ብቻ አትቁሙ። ምስሎቹ ከየትኞቹ ከተሞች መጡ? ሴቶቹ ተጠይቀዋል ወይ፣ በየትኛው ቋንቋ? መረጃዬን አውጡልኝ ብትል አንዷ ማን ጋ ትሄዳለች? ስም ከማጥፋት ሌላ ምን ተደርጓል? ዜናው ውስጥ እነዚህን ማግኘት ከባድ ነው፤ እኔ መጀመሪያ የምፈልጋቸው ግን እነሱን ነው።

ከእናንተ መካከል ጤና የሚማር ካለ ደግሞ የሚያገኘው አደጋ ከዚህ ሁሉ ይቀርባል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። የታካሚ ታሪክ ገልብጦ ቻትቦት ላይ መለጠፍ ቀላል ሆኗል። ነፃ ከሆኑት ውስጥ ብዙዎቹ ማስተካከያውን ካላጠፋችሁት የጻፋችሁትን ለሥልጠና ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ምስል አንድ ጊዜ ከተለቀቀ በየሰዉ ስልክ በራሱ ይወርዳል።

ይህን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ዘመዴ ታማ ራጅ ተነሳች። የሚያክማት ወጣት ባለሙያ ግራ ስለገባው ፎቶ አንስቶ ባለሙያዎች ያሉበት ግሩፕ ላይ ለቀቀው፤ ምክር ፈልጎ፣ በቅን ልብ። ከግሩፑ አባላት አንዱ ጓደኛዬ ነበርና «እንዴት ታየዋለህ?» ብሎ ለእኔም ላከልኝ፣ ዝምድናችንን ሳያውቅ። ስሟን በጣቱ ሸፍኖት ነበር። ዕድሜዋ፣ ቀበሌዋና የካርድ ቁጥሯ ግን በግልጽ ይነበባል። እኔ ያወቅኳት በቀበሌዋ ነው።