ሁለት ስንኝ ሲበቃ

ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው እናት መዝና ስታበቃ፣ «እንካ ልጄ፣ ይሄ ምራቂ ነው» ብላ ሁለት ራስ ትጨምራለች። ታሚላዊው ባለቅኔ ቲሩቫሉቫር «ቲሩክኩራል» በተባለው መጽሐፉ ስለ ልግስና፣ ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ ጣፋጭ አንደበት ሲጽፍ እንደሷ ያለውን ሰው በደንብ ያወቀ ይመስለኛል። መጽሐፉ 1330 ባለሁለት ስንኝ ግጥሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ሰባት ቃል፣ ከላይ አራት ከታች ሦስት።

ምግባርን አስተምሮ ብቻ አላበቃም፤ የመጨረሻዎቹን 250 ለፍቅር ሰጥቷቸዋል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ትዕግሥትን የሚመክረው ብዕር፣ ወዳጇ ርቆባት እንቅልፍ ያጣችን ሴት ናፍቆት ያለ አንዳች ሐፍረት ይናገርላታል። ጥበበኛ ሰው ፍቅርን መናቅ የለበትም ማለቱ ነው፤ ትክክልም ነው።

እኛም ለሁለት ስንኝ እንግዳ አይደለንም። የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ እሱም ሁለት ቤት ነው። ለዚያች ሁለት ቤት ብቻውን ጥግ ይዞ ሲቆጥር ይውላል፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። ቃል ቆጥቦ ብዙ የመናገርን ድካም ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በቅኔ ቤት ያለፋችሁ ሁሉ፣ ቲሩክኩራልን በምታውቁት ቋንቋ ፈልጋችሁ አንብቡት።